በሁዳዴ የተቀመሰ ሾርባ

የያዙኝ ሱቄ ውስጥ ነው። መርካቶ፣ ዱባይ ተራ፣ ሸሚዝ ከተደረደረበት መደርደሪያ ሥር፣ አንድ ደንበኛ "ትንሽ ቀንስልኝ" እያለ ሲነዘንዘኝ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡና "አንዴ እንፈልግሃለን" አሉኝ። "አንዴ" የምትባለውን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አላምናትም። ደንበኛዬ ሸሚዙን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጥፋቴ ሱቆቻችን ሊፈርሱ ነው በተባለ ሰሞን ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት ነገር ነው። ብዙም አልነበረም። "ለነጋዴው የነገረ የለም፤ ተሰብስበን እንጠይቅ" ነው ያልኩት። ሰፈሩ ግን ሱቁን ዘግቶ ዋለና እኔ አሳዳሚ ተባልኩ። መርማሪው አንዲት ጥያቄ ነበረችው። በጠራኝ ቁጥር እሷኑ ያመላልሳታል። "ከውጭ ከማን ጋር ነው ግንኙነትህ?" እኔ ከውጭ የማውቀው በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን ሸሚዝ ብቻ ነው። ይህንኑ ስነግረው "አትቀልድ!" ይለኛል።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የገባሁባት ክፍል የፖለቲካ የምንባለውን ለብቻ ያጎሩባት ጠባብ ቤት ናት። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታዋ ነው፤ የእግር፣ የሽንት፣ የበረኪና። ቀጥሎ የተቀበሉኝ ካቦው ናቸው፣ የክፍሉ አለቃ። እህል በረንዳ ጤፍ ሲነግዱ የኖሩ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። ቤተሰባቸው ሩቅ ስልጤ አገር ስለሆነ ከሁላችን ምሳ ዕቃ እየተቋደሱ ነው የሚኖሩት።

"ና ልጄ፣ እዚህ ጋ በጎንህ ትተኛለህ" አሉኝ። "በጀርባ መተኛት እዚህ ቤት የሀብታም ነው።"

ከውጭ የሲኒማ ራስ የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማል። ሱቄ በእግር ትንሽ ነው የሚርቀው። እንዲህ ቅርብ ሆኖ መታሰር እንዴት እንደሚያናድድ ያየ ያውቀዋል።

ጥግ ላይ ከሲታ፣ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ተቀምጧል። "እሱ ህንዱ ነው" አሉኝ። ሰውየው ትንሽ ሲያየኝ ቆየና ተስቦ መጥቶ የሸሚዜን ኮሌታ ገለበጠ። እኔ ደግሞ ሊያንቀኝ መስሎኝ እጁን ያዝኩት። እሱ ግን ኮሌታው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ በጣቱ የገዛ ደረቱን መታ።

"ህንድ ኖ" አለ። "ባንግላዴሽ።"

ይህችን ቃል እኔ ከማንም በላይ አውቃታለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ላይ ሳያት ኖሬአለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግኩባት ቃል ናት። ሰው የሚኖርባት አገር መሆኗን ግን ከልቤ አስቤው አላውቅም ነበር።

በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጁ ምልክት ታሪኩን ነገረን። አንድ የልብስ ፋብሪካ ከአገሩ አምጥቶት የእኛን አገር ሴት ልጆች ስፌት ሲያስተምር ነበር። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር አዞረ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ባለቤቱም የሰውየውን ፓስፖርት እንደያዘ ጠፋ። እሱ መርካቶ መጥቶ ከልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሥራ ሲለምን ወረቀት የለህም ተብሎ ተያዘ፤ የውጭ ሰው ስለሆነም ከእኛ ከፖለቲካዎቹ ጋር ጨመሩት። እንግዲህ አስቡት፤ ሸሚዙ ያን ሁሉ ድንበር ያለ ከልካይ አልፎ ዱባይ ተራ ይገባል፤ ሸሚዝ ሰፊው ከእኔ ጋር ሲሚንቶ ላይ ይተኛል።

አማርኛው ከፋብሪካው የለቀማት ናት፤ "ቶሎ ቶሎ"፣ "ድጋሚ"፣ "ጎበዝ"። ሽንት ቤት ወረፋ ስንይዝ ከኋላ ሆኖ "ቶሎ ቶሎ!" ሲል ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። እንጀራው አልተስማማውም፤ በርበሬው ደግሞ አንጀቱን አቃጠለው። የበላውን ሁሉ ይመልሳል። ትኩሳት ጨመረበትና አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ወስደው ኪኒን አሰጥተው መለሱት። ወደ እኛ ግን አልመለሱትም። በሽታው እንዳይዛመት ብለው በግቢው ጥግ ባለች ዕቃ ቤት ለብቻው አስገቡት። የወሰደው ፖሊስ በመስኮቱ ለካቦው እንዲህ አላቸው፤ "ነርሷ ሾርባ፣ ዶሮ፣ አቅም የሚሰጥ ነገር ካልበላ አይተርፍም ብላለች።" ይህን አለና ቁልፉን እያንቋቋ ሄደ።

ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። ለእኛ የሚመጣው ሽሮና ምስር፣ ጣቢያው የሚሰጠው ዳቦና ሻይ። "ዶሮ ቢገኝም ሙስሊም ያረደው ካልሆነ አይነካም" አሉ ካቦው። "አይቼዋለሁ፣ ሰጋጅ ነው።" ከሁሉ በላይ ግን የበሩ ሕግ አለ። ዕቃ ቤት ላለ ሰው ከእኛ ክፍል ምንም አያልፍም። ምግብ የሚገባለት በስሙ የተመዘገበ ጠያቂ ሲያመጣለት ብቻ ነው። ያመጣው ሰው ደግሞ ፖሊሱ ፊት፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። ባንግላዴሹ በዚህ አገር ማን አለውና ይመዘገብለታል?

አመሻሽ ላይ ሚስቴ ስትመጣ ነገርኳት። በመካከላችን ገመድ ተወጥሯል፤ ጠያቂዎች ወዲያ፣ እኛ ወዲህ። ነግሬያት ሳልጨርስ ፈራሁ።

"እንዳትሞክሪው ግን" አልኳት። "የውጭ ሰው ነው። እኔን ከውጭ ማን አለህ እያሉ ነው የሚያፋጥጡኝ። ስምሽ ከስሙ ጋር ከተጻፈ እዚሁ መክረሜ ነው።"

ሚስቴ የወሎ ልጅ ናት። በዚያ ክፉ ድርቅ መጠለያ ውስጥ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ዱቄት ወተት የተረፈች። ይህን አታወራውም። በትዳራችን ውስጥ ስታነሳው የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው።

"ያን ወተት የላከው ሰው ስሜን ያውቀው ነበር?" አለችኝ።

"አያውቅም።"

"ዘመዱ ነበርኩ?"

"ተይ እንግዲህ! ያኔና አሁን አንድ ነው እንዴ?"

"አንተ ብትከርም እኔ አለሁልህ" አለች። "እሱስ?" ዘንቢሏን አንስታ ሄደች።

ተናደድኩ። አልዋሽም፣ በጣም ተናደድኩ። ልጆቼን አሰብኩ፣ ሱቄን አሰብኩ። ካቦው "ምነው?" ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እሳቸውም "እሷም እውነቷን ነው፣ አንተም እውነትህን ነው፤ ሰውየው ግን እየሞተ ነው" አሉና መቁጠሪያቸውን ያዙ።

በማግሥቱ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። አንዱ የእኔ ነው። ሁለተኛውን የሱቅ ጎረቤታችን ናት የሠራችው፤ ሙስሊም ናት፣ ዶሮውን ያረደው ባሏ ነው። ባሏ ሱቅ ዘጉ ከተባሉት አንዱ ስለሆነ ጣቢያ ደጃፍ መታየት ፈርታ ለሚስቴ ሰጠቻት። አልፈርድባትም። በዚያ ሰሞን መስጠቷም ትልቅ ነገር ነው።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ።

"ለማን ነው ይሄ?"

"ለታመመው። ለባንግላዴሹ።"

"ምኑ ነሽ?"

"እህቱ ነኝ።"

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ከኋላዋ ያሉ አንዲት እናት "ወይ ጉድ፣ መልካቸውስ ቁርጥ አንድ ነው!" አሉና ሳቁ ባሰ። ፖሊሱ አልሳቀም። "እህት?" አለ እንደገና። "እህት ብለህ ጻፍ፣ የኔ ልጅ" አለችው። ትንሽ ተቁለጨለጨና ጻፈ።

ሰውየውን ደግፈው አምጥተው አጠገቤ አቆሙት። ግድግዳውን ይዞ ነው የሚቆመው። ዓይኑ ጎድጉዷል። እጁን ያዝኩት፤ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

ፖሊሱ ክዳኑን ከፈተ። የዶሮው ሽታ በዚያ ሁሉ የጾም ሰው መካከል ወጣ። ሳቁ ቀጥ አለ።

"እትዬ፣ ይሄ ዶሮ ነው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አዎ፣ ዶሮ ነው።"

"ማን ነው ያረደው?"

"የጎረቤቴ ባል። ሙስሊም ነው።"

ፖሊሱ ሚስቴን አየ፣ ነጠላዋን አየ፣ ወዲያው ወደ ጓደኛው ዞር አለ። ጓደኛው እያየው ነው። "ያልተቀመሰ ማስገባት አልችልም" አላት። ሲናገር አዘነ፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ።

ሚስቴን ታውቋት ቢሆን! እርጉዝ ሆና ሐኪም ሲቆጣት እንኳ ሁዳዴን የጾመች ሴት ናት። የሙስሊም ሥጋ ደግሞ በፋሲካም አትነካም፤ ጎረቤታችን ለበዓሏ ስትጠራን ለስላሳ ጠጥታ የምትመለስ ናት። "ተይው!" ብዬ ጮህኩ። ለጾሟ ይሁን ለራሴ ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

እሷ ቀና ብላም አላየችኝ። አማተበች። ማንኪያውን አነሳች፤ ከሾርባው ጨለፈች፣ ጠጣች። መረቁን ብቻ አይደለም፤ ከሥጋውም አንድ ጉርሻ አነሳችና ሁላችን እያየናት ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችው።

"በቃ?" አለችው።

ፖሊሱ "በቃ" አለና ክዳኑን ራሱ ገጠመው።

ያን ጊዜ ሰውየው ከአጠገቤ፣ በዚያች ባለቀች ድምፁ፣ "ጎበዝ" አላት።

ሌላ ቃል ከየት ያምጣ? ሚስቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ነው የሳቀችው። እኔም አልቻልኩም፣ ዞር አልኩ።

በማግሥቱ ስትመጣ ያው ፖሊስ በሩ ላይ ነበር። ክዳኑን ሳይነካ "ቀምሳለች" ብሎ ለጓደኛው ጮኸና ምሳ ዕቃውን አሳለፈው። እስከ መጨረሻው እንዲሁ አደረገ። ሰውየው ቀስ በቀስ ዓይኑ ተገለጠ፤ በዕቃ ቤቱ መስኮት "ቶሎ ቶሎ!" እያለ ያስቀን ጀመር። በኋላ የኢሚግሬሽን ሰዎች መጥተው ወሰዱት። አገሩ ይግባ አይግባ አላውቅም።

መርማሪው ግን አልረሳውም። "ከውጭ ማንም የለኝም ትላለህ፤ ሚስትህ የውጭ ዜጋ እህት ሆናለች" አለኝ መዝገቡን እያሳየኝ። አታለለችኝ፣ አላውቀውም ማለት እችል ነበር። የሚጠብቀውም ይህንን ነው። "እሷ እህቱ ከሆነች እኔ አማቹ ነኝ" አልኩት። በዚህ የተነሳ አብረውኝ ከተያዙት ሁሉ ኋላ ነው የወጣሁት። ስወጣ ካቦው ግንባሬን ሳሙኝ።

አሁን ሱቅ ውስጥ ካርቶን ስፈታ ኮሌታውን ሳላይ አላልፍም። ስለ ዓለም ድሃ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ሲወያዩ በቴሌቪዥን አያለሁ፤ ጥሩ ነገርም ይናገራሉ። እኔ ግን ድሃን ስለ መርዳት ሲወራ ትዝ የሚለኝ የበሩ ወረፋ ነው። በዚህ ዓለም ምግብ ሞልቷል፤ የሚጎድለው በር ላይ ቆሞ "የኔ ነው" የሚል ሰው ይመስለኛል።

ባለፈው ሁዳዴ ሲገባ ሚስቴን ለረጅም ጊዜ በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኳት። የንስሐ አባቷ ምን አሏት?

"ሁለቱንም ነገርኳቸው" አለችኝ። "ዶሮውንም፣ መዋሸቴንም።"

"እና?"

"ለዶሮው ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ።"

"ለውሸቱስ?"

ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን ሳታቆም መለሰችልኝ።

"እህቱ ነኝ ብዬ ዋሸሁ ስላቸው፣ 'ታዲያ ውሸቱ የቱ ነው?' አሉኝ።"