በሶ የመሰከረለት ቴስታታ

የጌታነሽ ጂፕ ዳገት ሲያይ ያስለዋል። «እህ… እህ… ቱፍ… እህ…» ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ መውጫው ላይ ሲደርስ ጭራሽ ይቆማል፤ ያኔ ተሳፋሪው ሳይጠየቅ ወርዶ ይገፋል። ገበያተኛው ለምዶታል፣ «ከፍለን ገፋን» እያለ ይስቃል። ተደላድለው የሚወጡት የተጫኑት በጎች ብቻ ናቸው።

ጂፑ የአባቷ ውርስ ነው፤ ግማሹ የሷ፣ ግማሹ የታናሽ ወንድሟ የምንይሉ። ባለፈው ቅዳሜ ምንይሉ ገፍቶ ገፍቶ አናቱ ላይ ሲደርስ፣ ጭቃውን ከሱሪው እያራገፈ ቁርጡን ነገራት።

«እታለም፣ በቃኝ። ለብረት ገዢ እንሽጠውና ባጃጅ እንግዛ።»

«አባባ መሪ ያስያዘኝ በዚህ ነው።»

«እንግዲያ አባባ ይግፋው!»

«በሚመጣው ቅዳሜ አንድም ሰው ሳይወርድ ከወጣስ?»

«ከወጣማ ሁለተኛ ሽጪው ብዬ አፌን አልከፍትም።»

አፉን ዘግቶ ውሎ የማያውቀው ምንይሉ ነው ይህን ያለው።

ሰኞ ጠዋት ጂፑን መካኒኩ ተገኘ ደጅ አቆመችው። ተገኘ ሞተር የሚመረምረው በአፉ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን እያወዛወዘ፣ የጂፑን ሳል ራሱ ሳለው።

«እህ… ቱፍ… እህ… አገኘሁት! አየሩን የሚያፍንበት ቤት ሰፍቶበታል።»

«በአማርኛ ንገረኝ እንጂ!»

ነገራት። የዚህ የድሮ ሞተር ቫልቮላዎች፣ የአየሩ መግቢያና መውጫ በሮች፣ እንደ ዘመኑ መኪና ከላይ አይደሉም፤ ከፒስቶኑ ጎን ተቀብረው ወደ ላይ ነው የሚከፈቱት። ከላያቸው የሚገጠመው ቴስታታ የድስት ክዳን በለው። ክዳኑ ከውስጥ ጎድጓዳ ከሆነ አየሩ ይንጎማለላል፤ ጠበብ ካለ ይታፈንና ፒስቶኑን በደንብ ይገፋዋል።

«ይሄ ደግሞ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር በሰፊ ቤት ምን ጉልበት አለው?»

በካንዴላው ቀዳዳ የአየር ግፊት መለኪያ ሰክተው ሞተሩን ቢያዞሩት፣ ጂፑ ላይ ባለው ወፍራም ቴስታታ ሰባ አምስት ላይ ቆመ። ተገኘ ከአንድ የሞተ ጂፕ ፈትቶ፣ ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ሥሩን አስልጎ ቤቱን ያጠበበው ቀጭን ቴስታታ ነበረው።

«በጣም ተልጎ ከሆነስ?» አለች ጌታነሽ።

«ከሆነማ ቫልቮላው ሲነሳ ቴስታታውን ይመታል፣ አለቀልን። በበሶ እንየዋ።»

ለዚህ ተገኘ ከበሶ ሌላ አያምንም። አሮጌውን ፈትቶ፣ በሶ ጠንከር አርጎ አሽቶ ቫልቮላዎቹ ላይ ለጠፈ፣ ቀጭኑን ቴስታታ አሰረ፣ ጌታነሽ ሞተሩን በእጅ የሚያዞረውን ማኖቬላ ቀስ ብላ አዞረች፣ ፈታው። የተጨፈለቀውን በሶ ጣውላው ላይ አኖረና ውፍረቱ ስንት እንደቀረ የሚለካበትን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ። ጌታነሽ እጇን ልትታጠብ ዞር አለች።

ሲመለሱ ምንይሉ ቆሟል። ያላምጣል።

«ተገኘ፣ በሶህ ምን ሆኖ ነው ቤንዚን ቤንዚን የሚለው?»

ተገኘ መለኪያውን ቀሰረበት። «አንተ! ቴስታታውን እኮ ነው የበላኸው!»

«በሶ ነው የበላሁት፤ ደሞ ጨው አንሶታል።»

«ሆዳም!» አለች ጌታነሽ። ሳቋ ግን አመለጣት።

ሥራው ሀ ተብሎ ተጀመረ፤ በሶ ታሸ፣ ተለጠፈ። ተገኘ ቴስታታውን ሊያስቀምጥ ሲል ጌታነሽ ግድግዳው ላይ ከምስማር የተንጠለጠለውን ነገር አየች።

«አንተ ተገኘ፣ ያ ጓርኒሲዮን አይደለም? ከሥሩ የሚነጠፈው?»

ነው። ቅድም ሳያነጥፈው ነበር ያሰረው። ያን በሶ ለክተውት ቢሆን ቀጭን ቅጠል ሆኖ ያገኙት ነበር፤ ቀጭኑም ቴስታታ በከንቱ ይጣል ነበር።

«እንኳን በላሁት!» አለ ምንይሉ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ጓርኒሲዮኑ ከተነጠፈ በኋላ በሶው ደህና ውፍረት ይዞ ወጣ። በሶውን ጠርገው መልሰው አስረው ቢያዞሩት የግፊት መለኪያው ዘጠና አምስት አለ።

«ይዘሽው ጀማ በረሃ ብቻ እንዳትወርጂ» አላት ተገኘ። «እዚያ አየሩም ወፍራም፣ ሙቀቱም የጉድ ነው። ሞተሩ መዶሻ እንደያዘ ሰው ነው የሚያንኳኳብሽ።»

«ምን ልሠራ እወርዳለሁ? በጎቼ እዚሁ ናቸው።»

ቅዳሜ ከሞላሌ ስድስት በግ፣ አራት ገበያተኛና ምንይሉ ተጫኑ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ገበያተኞቹ ከልማዳቸው ሊወርዱ ተነሱ።

«ቁጭ በሉ!» አለች ጌታነሽ።

ጂፑ «እህ» አለ። ከዚያ «ዱም ዱም ዱም ዱም» እያለ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆም ወጣ። አናቱ ላይ አቆመችና ወንድሟን ዞራ አየችው።

ምንይሉ ዳገቱን አየ፣ ንጹሕ ሱሪውን አየ። አንድም ቃል ሳይተነፍስ ከኪሱ ጭብጦ በሶ አወጣና ግማሹን ቆርሶ ለእህቱ ሰጣት።