የዓርቡ ግለሂስ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ አልረሳሁም፤ ለመርሳትም ሞክሬ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከታላቅ እህቴ ጋር አንድ መኝታ ክፍል ያላት አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ፣ እጅ እንኳ አስተካክሎ ለመዘርጋት በማትበቃ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት ስቀበል ሦስት ዓመት ሞልቶኛል። አገር ቤት የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ በሁለት ቋንቋ ቁልፉን ሳላይ እተይባለሁ። እዚያች ሳጥን ውስጥ ግን የሚፈለገው አንድ ጣቴ ብቻ ነው፤ የመውጫውን ብረት የሚያነሣውን ቁልፍ ለመጫን።

ከጎናችን ባለው ሕንፃ አንድ የጃፓን ኩባንያ ቢሮ ሊከፍት ነው ተባለ። የሆስፒታል ዕቃ አስመጪ ነው። ጥቂት ሰዎች ይቀጥራል፤ ነገር ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የስምንት ሳምንት ሥልጠና አለ፤ የቢሮ ጃፓንኛ ከነሥርዓቱ። ሥልጠናውን ያላለፈ አይቀጠርም። አመለከትኩ፤ ተጠራሁ፤ የመስታወት ክፍሏን ለቅቄ ወጣሁ። አለቃዬ «ቦታሽን ነገውኑ ሰው ይይዘዋል» ብሎኝ ነበር፤ በማግስቱ ሳልፍ ሌላ ሴት ተቀምጣበት አየሁ። ሥልጠናውን ብወድቅ የምመለስበት የለኝም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ውስጥ አንድ ሐበሻ አገኘሁ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ረጋ ብሎ የሚናገር፣ ሱሪው እንደ ምላጭ የተተኮሰ ሰው ነው። እሱም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። «እህቴ፣ ምን ባቡር ያንከራትትሻል፤ ራይድ እሰጥሻለሁ» አለኝ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው የማናግረው። እዚህ ወረቀት ላይ «እሱ» ብዬ ስጽፈው ግን ደስ ይለኛል።

አስተማሪያችን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ጃፓናዊት ነበሩ። ሰንሴ እንላቸዋለን፤ መምህር ማለት ነው። ከቋንቋው ይልቅ ጎንበስ ማለቱን አስቀደሙ። ለሰላምታ ትንሽ፣ ለእንግዳ ዝቅ ብሎ፣ ለይቅርታ ወገብ እስኪታጠፍ። የአድራሻ ካርድ ስንለዋወጥ አብረውን የሚሠለጥኑት አሜሪካኖች በሁለት ጣት ሲወረውሩት፣ እኔና እሱ ጎንበስ ብለን በሁለት እጃችን ሰጠን። ሰንሴ ተገርመው «ይህን ማን አስተማራችሁ?» አሉ። እናቴ፣ በኩርኩም፣ አልኩ በልቤ።

ጃፓንኛው ለአማርኛ ፊደል አይከብድም። ዓረፍተ ነገሩን በፊደላችን ካርድ ላይ እጽፍና ድልድዩ ላይ ትራፊክ ሲይዘን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ እሱ እየነዳ ይደግማል። የጃፓኖቹን ፊደል ራሱን ለመማር ግን አልፈለገም። «አንቺ ካለሽኝ ምን አደከመኝ» ይላል። እሱ ያደርሰኛል፣ እኔ እጽፍለታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በዚያው መኪና ውስጥ፣ ለእህቴ እንኳ ያልነገርኳትን ነገር ነገርኩት። የነርሲንግ ትምህርት ቤት አመልክቼ ነበር። «ከተቀበሉኝ ምናልባት ከዓመት በኋላ እሄድ ይሆናል፤ ገና ነው፤ ማንም አያውቅም» አልኩት። «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለኝ።

አሁን ወደ ዓርብ ልምጣ። በየዓርቡ ከሰዓት ሰንሴ ወንበሮቹን ክብ ያስደርጉና፣ እያንዳንዳችን ተነሥተን በሳምንቱ ያጠፋነውንና እንዴት እንደምናስተካክለው እንድንናገር ያደርጋሉ። ጃፓኖቹ ጋ ይህ የተለመደ የሥራ ወግ ነው። አሜሪካኖቹ ፊታቸው ቀላ። እኔና እሱ ግን ተያየን። ሁለታችንም በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኞች ስለነበርን ይህን ክብ ወንበር እናውቀዋለን። በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር፤ ሰው ተነሥቶ መጀመሪያ ራሱን ይተቻል፣ ቀጥሎ ጓዱን። ሂስና ግለሂስ ይባላል። በዚያ ያደገ ሰው ደንቡን አይስትም፤ ትልቁን ጥፋትህን ለመሸፈን አንዲት ትንሽ ጥፋት ትናዘዛለህ፣ ከዚያ ዓይን ሁሉ ካንተ ላይ እንዲነሣ ወደ ሌላው ትጠቁማለህ። ጃፓኖቹ ዘንድ ያለው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ የለም። ይህን እኔ ቀድሜ ገባኝ፤ እሱ እስከ መጨረሻው አልገባውም።

በሦስተኛው ዓርብ ተራው ደረሰና ተነሣ። ማክሰኞ አርፍዶ ነበር፤ እኔንም አስረፍዶኛል። ስለ ማርፈዱ ሁለት ቃል ተናገረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ያንን የቀበሌ አዳራሽ ድምፁን አወጣው። «ስለ እህቴም አንድ አስተያየት አለኝ። ጎበዝ ሠራተኛ ናት፤ ነገር ግን ልቧ እዚህ አይደለም። የነርስ ትምህርት ቤት አመልክታለች፤ በዓመት ውስጥ ትለቃለች። ይህን ኩባንያው ቢያውቀው ለሁላችንም ይበጃል» አለ።

ሰንሴ ትንሽ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ።  ሰኞ ጠዋት ለብቻዬ አስጠሩኝና፣ በኔ ጉዳይ ኩባንያው እያሰበበት እንደሆነ ነገሩኝ። «እያሰብንበት ነው» ማለት በነሱ ዘንድ እምቢ ማለት ሊሆን እንደሚችል ራሳቸው ሰንሴ በሁለተኛው ሳምንት አስተምረውናል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «እህቴ፣ ለአንቺው ብዬ ነው። ጃፓኖቹ ፍራንክ መሆን፣ ሳይደብቁ መናገር ይወዳሉ፤ ኋላ ቢደርሱበት ይብስብሽ ነበር» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩት። በአፌ። በልቤ ያልኩት አይጻፍም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በዚያ ሰሞን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ከንፈሬ ይነቃነቃል እንጂ የማስበው ስለ እሱ ብቻ ነበር።

መኪናውን ትቼ በባቡር መሄድ እችል ነበር። አልተውኩም። ጠላትን ከሩቅ ማየት አይበጅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ኋላ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ከሾፌሩ ጀርባ። ሰንሴ ታክሲ ውስጥ የክብር ቦታ እዚያ ነው ብለው ስላስተማሩን «ልምምድ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። ባለቤቱ ራሱ ሲነዳ የክብር ቦታው ፊት ወንበር እንደሆነም አስተምረውናል፤ ያንን አላነሣሁበትም። እንደ ቅጥር ሾፌር ማጅራቱን እያየሁ አምስት ሳምንት ተመላለስኩ። ካርዱንም መጻፌን ቀጠልኩ፤ አንዲት ፊደል አላዛባሁም። እንዲህ ያለውን ተራ ተንኮል እንቃለሁ።

ባይሆን ዓይኔን ከፍቼ አጠናሁት። ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ምንም ነገር አይቶ አያጣራም፤ ወረቀት ሲሰጡት «አንቺ ካየሽው ይበቃል» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ያ ዓርብ ስለጣመው በየሳምንቱ አንድ ሰው መተቸት ያዘ፤ ዛሬ ያንን ረጅም አሜሪካዊ፣ ነገ ያቺን ጸጉረ ቀይ። እሱ ሲናገር ሰንሴ ደብተራቸውን ያወጣሉ፤ እሱ ደግሞ ተቀባይነት ያገኘ መስሎት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔ ከጎናቸው ስለምቀመጥ ገጹን አያለሁ። ፊደላቸውን ተምሬ የለ። ከላይ የተጻፈው የተተቺዎቹ ስም አልነበረም፤ የሱ ስም ነበር። ያን ዕለት እራቴን በደስታ በላሁ።

በመጨረሻው ሳምንት ፈተና መጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ትልልቅ ሰዎች መጥተው ሁለት ሁለት እየሆንን እንግዳ ስንቀበልና ስብሰባ ስንመራ ያያሉ። እኔና እሱ አብረን ተመደብን፤ እሱ ኃላፊ፣ እኔ ረዳት። ጠረጴዛው ላይ አምስት ሰው ይቀመጣል፤ ሁለቱ እንግዶች፣ የቢሮው ሹም፣ ሰንሴና እሱ። ለአምስቱም የስብሰባ ወረቀት ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነው። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ወረቀቱን ከረዳቱ ጋር መቁጠር ደግሞ የኃላፊው ሥራ ነው። ሰንሴ ይህን ሦስት ጊዜ ነግረውናል።

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን፣ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ፣ «ጋሼ፣ ነገ ትልልቆቹ ፊት እንደ ሁልጊዜው ግልጽ ይሁኑ፤ እሱ ነው የሚወደድልዎ» አልኩት።

«አትጠራጠሪ» አለኝ።

በማግስቱ አቃፊውን ሰጠሁት። አልቆጠረም። እንደማይቆጥር አውቅ ነበር። ውስጡ አራት ቅጂ ነው ያለው። አምስተኛው፣ የሚናገረውን ሁሉ ከጃፓንኛው ሥር በአማርኛ ፊደል የጻፍኩለት የራሱ ቅጂ፣ ለሁለት ታጥፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

እንግዶቹ ገቡ፣ ጎንበስ አለ፣ ካርዱን በሁለት እጁ ሰጠ፤ እስከዚያ ድረስ እንከን የለውም። ወረቀቱን ከሽማግሌው እንግዳ ጀምሮ በማዕረግ አደለ። ወደ ራሱ ወንበር ሲመለስ እጁ ባዶ ነው። አቃፊውን ገልብጦ አየ። ቆመ። አንድ ቃል ጃፓንኛ አልወጣውም። ሻዩን ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ሳህኑ እንዳይንቀጫቀጭ ትንፋሼን ዋጥኩ። የፈራሁ መስሏቸው ይሆናል። ሳቄን ነበር የያዝኩት።

ሰንሴ ቀስ ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁት።

ወደ እኔ በጣቱ አሳየ። «አምስት ብያት ነበር። አራት አመጣች። የኔ ጥፋት አይደለም» አለ በእንግሊዝኛ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር።

ትሪውን አስቀመጥኩ። ወገቤን እስከ መጨረሻው አጠፍኩና በጃፓንኛ ተናገርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። አምስት ማዘጋጀት ሲገባኝ አራት አቀረብኩ። ከስብሰባው በፊት ከኃላፊዬ ጋር አብረን ልንቆጥር ይገባ ነበር፤ አላስቆጠርኳቸውም። በእንግዶች ፊት ኃላፊዬን አሳፈርኩ፤ ሁለተኛ አይደገምም። እኔም ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። መቁጠር የማን ሥራ እንደሆነ ግን ጠረጴዛው ላይ የማያውቅ አልነበረም። ጎንበስ እንዳልኩ የሽማግሌው ጫማ ብቻ ይታየኛል።  ከዚያ ሽማግሌው የራሱን ቅጂ አንሥቶ በሁለት እጁ ለኔ ዘረጋልኝ።

በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። እኔ ተቀጠርኩ። ለሱ ደግሞ ማመልከቻውን ለወደፊቱ እንደሚያስቀምጡለት ጻፉለት። ደስ አለኝ። የተጸጸትኩ ለመምሰል ብሞክር ውሸቴን ነው፤ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሚስቱ ኮል አደረገችልኝ። አግኝቻት አላውቅም። «እህቴ፣ ምን አጥፍቶ ነው? እኔን አይነግረኝም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚያየው» አለችኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ተንኮል የተናገርኩት ያንን ቃል ነበር።

ድምፅዋ ተሰበረ። «ይኸው፤ እዚያም እንዲሁ ብለሽ ነበር አሉ፤ እሱ ቢደብቀኝም አብረውት ከሠለጠኑት ወሬው ደርሶኛል። አንቺ እሱን ለማትረፍ ጥፋቱን ስትወስጂ፣ እሱ በባዕድ ፊት ጣቱን ቀሰረብሽ። አፈርኩበት። ነገ ይዤው እመጣለሁ፤ ይቅርታ ይጠይቅሽ።»

አይሆንም ማለት እችል ነበር። «ይምጡ» አልኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። እህቴ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሚስቱ በክርኗ ነካ ስታደርገው ተነሣ፤ መሃል ወለሉ ላይ መጥቶ ወደ ጉልበቴ ጎንበስ አለ። «ይቅር በይኝ» አለ። ትልቅ ሰው ለይቅርታ ሲያጎነብስ፣ እጁ ጉልበት ሳይነካ ብድግ ብሎ «ተዉ፣ ተዉ» እያሉ ቀና ማድረግ ወጋችን ነው። እኔ አልተነሣሁም። እጁ ጉልበቴን እስኪነካ ጠበቅሁ። ከነካም በኋላ ትንሽ ቆየሁ፤ እህቴ ስታፈጥብኝ ነው «ይቅር ለእግዜር» ያልኩት።

ሻይ ጠጡ። ሊወጡ ሲሉ ኮቱን እየለበሰ፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ፣ ሚስቱና እህቴ እየሰሙ፣ «ታዲያ የነርሲንጉ ነገር እንዴት ሆነ?» አለኝ።

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከትምህርት ቤቱ «ተቀብለንሻል» የሚለው ደብዳቤ ሐሙስ ደርሶኝ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

«የምን ነርሲንግ?» አልኩ። «እኔ መቼ እሄዳለሁ አልኩ?»

ሚስቱ በንዴት ተመለከተችው። እሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እንግዲያው እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለና ወጣ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ በድብቅ ነርስ መሆን አይቻልም። በሄድኩ በሳምንቱ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ እሱም ያኔ እውነተኛ ይሆናል፣ እኔ ውሸታም። ሞቼ ነው። ትምህርቱ በመስከረም ያለ እኔ ተጀመረ። እዚያ ቢሮ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ።