የፍሬኑ ሽቦ

ብስክሌቷን ያገኘኋት ከአንድ መንገድ ሠሪ ጣሊያን ነው። ሁለት ሱሪና አንድ ካፖርት ሰፋሁለት፤ እሱም ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሏት ሊሄድ ያሰባትን አሮጌ ብስክሌት ሰጠኝ። ርካሽ ከሚባሉት ሁሉ የረከሰች ነበረች። መብራት የላትም፣ ደወል የላትም፣ ኮርቻዋ ተቀዶ ብረቱ ይወጋል፤ ፍሬኗም የፊተኛው ብቻ ነው የሚሠራው። እኔ ግን ሰጋር በቅሎ የተሸለምኩ ያህል ተንቀባረርኩባት።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ገና ወጀት ነው የምትባለው። እዚያ ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ፤ በገበያ ቀን ደግሞ የእጅ ስፌት መኪናዬን ጭኜ ቡሬ እወጣለሁ። ኮርቻዋን በፍየል ሌጦ አለበስኩት። ቀጥቃጩን ደጅ ጠንቼ ለመኪናዬ የሚሆን የኋላ መጫኛ አሠራሁ። አንድ ነገር በጨመርኩላት ቁጥር የእኔም ስጋት አብሮ ይጨምር ነበር። ሹሙ አይቶ ቢወስድብኝስ? አርበኞች መንገድ ላይ ይዘው «የጣሊያን ተላላኪ» ቢሉኝስ? ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ መደበቁ ምን ይሠራልኛል።

የፈራሁት ሁሉ ቀርቶ ያልፈራሁት መጣ፤ የፍሬኑ ሽቦ ተበጠሰ። መኪናው ከኋላ ተጭኖ ቁልቁለት ከጀመረች ብስክሌቷን የሚመልሳት የለም። አንድ ቀን ማንኩሳ ልደርስ ስል በእግሬ አፈር እየጫርኩ በስንት መከራ አቆምኳት። ታላቅ እህቴ እዚያው ማንኩሳ ነበር የምትኖረው፤ ባሏ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቶ ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። የተላላጠውን እግሬን አይታ አንጀቷ አልችል አለ። ጓዳ ገብታ አንድ ጥቅል ቀይ ሽቦ ይዛ ወጣች።

የስልክ ሽቦ ነበር። አርበኞቹ የጣሊያንን የስልክ መስመር እየበጠሱ መጣል ልማዳቸው ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ከቁራጩ አምባር ያሠራሉ። ከየት አመጣሽው አላልኳትም።

«የምትፈልገውን ያህል ቁረጥ» አለችኝ፤ «ግን ለማንም እንዳታሳይ፣ ወንድምዓለም።»

ክንድ ከስንዝር ቆረጥኩና በፍሬኑ ቱቦ አሳለፍኩት። ከዋናው ሽቦ ይልቅ ያዘልኝ። የዚያን ቀን ቁልቁለቱን እየያዝኩ እየለቀቅኩ ስወርድ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። ቡሬ ገበያ ዳሱ ሥር ተቀምጬ እጀ ጠባብ ስሰፋ ነጋሪት ተመታ። የስልክ ሽቦ በእጁ የተገኘ ሰው ይሰቀላል፣ የሰጠው ሰውም ከነቤቱ ይቃጠላል ብለው ለፈፉ። ብስክሌቷ ከጀርባዬ የዳሱን ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ሽቦዋን የሚያይ መሰለኝ። ከከተማው መውጫ ላይ ደግሞ ኬላ አለ።

ከዳሱ ጀርባ ወስጄ ሽቦውን ፈታሁት። አጠገቤ ሳማ የወረሰው ጉድጓድ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ ይበቃ ነበር። አልጣልኩትም። ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን መውረድ ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ስስት ነው፤ እንደዚያ ያለ ፍሬን መቼም አላገኝም ብዬ ነው።

በማግስቱ ማርያም ናት። እናቴ ለስለቷ ጧፍ ግዛልኝ ብላኝ አንድ እስር ገዝቻለሁ። ልብስ ሰፊ ፈትልና ሰም አያጣም፤ የከሰል ካውያውም ግሏል። ሽቦውን ለሁለት አጥፌ በነጭ ፈትል ጠመጠምኩት፣ ሰሙን አቅልጬ አጠጣሁት፣ በመዳፌ አሸሁት። ቁርጥ ጧፍ መሰለ! ኬላውን ሳልፍ መልሼ ልገጥመው ከእስሩ መሃል ሰካሁትና በብልሃቴ ትንሽ ኮራሁ።

ኬላው ላይ የቆመው ከመረብ ማዶ የመጣ የጣሊያን ወታደር፣ አስካሪ ነበር፤ አንገቱ ላይ ማዕተብ አስሯል። ፀሐዩ ያቃጥላል። የብስክሌቷን ቁጥር ስሜ ከሰፈረበት መዝገብ ጋር አስተያየ፣ የመኪናዬን ሣጥን ከፈተ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨበጠ። እጀታው ልል ነበር።

«ፍሬኗስ?»

«ተበጠሰብኝ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ በእግርህ ሂድ» ብሎ ሳቀ። ሊያሳልፈኝ ሲል ዓይኑ እስሩ ላይ አረፈ። «ለማርያም ነው? አንዲት ስጠኝ። ነገ ለእናቴ ነፍስ አበራላታለሁ።»

ለሞተ ሰው ነፍስ የተለመነ ጧፍ እንዴት ይከለከላል? እኔ ልመዝዝለት እጄን ስሰድ የእሱ ቀደመኝ። ያኔ ነው ያየሁት። ጧፎቹ በሙቀቱ ለስልሰው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንዷ ብቻ መሃላቸው ቀጥ ብላ ቆማለች። እሷኑ መዘዘ።

«ይህቺስ ጥሩ ናት» አለና በአገልግሉ ውስጥ አስገባት። «ማርያም ትከተልህ።»

እግዜር ይስጥልኝ ማለቴን እንጃ። ነገ ሲያበራት ሰሙ ያልቅና ቀዩ ሽቦ ይቀራል። ቁጥሬ መዝገብ ላይ አለ። ይዘው ማን ሰጠህ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፣ አለንጋ የሚችል ሰው አይደለሁም፣ የእህቴን ስም እናገራለሁ። ከአስካሪው ዓይን ስርቅ ብስክሌቷ ላይ ወጣሁና ያንን ሁሉ ቁልቁለት ያለ ፍሬን ለቀቅኳት።

እህቴ ደጇ ላይ ማሽላ ታሰጣ ነበር። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። እጇን ከማሽላው ላይ ሳታነሳ ሰማችኝ።

«ጉድጓዱ አጠገብህ ነበር አልክ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ሳትጥለው?»

«ሳሳሁለት፣ እታለም።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ሕፃኗን አዘለች፣ ትልቁን ልጅ እጁን ይዛ፣ ጥቂት በሶ በስልቻ ቋጥራ ባሏ ወዳለበት ቆላ ለመውረድ ተነሳች። ስልቻውን በብስክሌቷ ላድርስልሽ አልኳት።

«አንተ ወደ እናታችን ሂድ» አለችኝ፤ ዞራም አላየችኝ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ቡሬን አልረገጥኩም። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የመጡብኝ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልመጣም። አስካሪው ሽቦውን አይቶ ስለ እናቱ ነፍስ ዝም አለ? ወይስ ጧፏ ሳትበራ በዚያው ሌላ አገር አዘመቱት? አላወቅሁም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እህቴ ተመለሰች። ማንኩሳ ሄጄ ጠበቅኋት። ቤቷ ደጁ ላይ ሣር ከመብቀሉ በቀር እንደተወችው ነበር። ባሏ ከፊት፣ ትልቁ ልጅ ከጎኗ መጡ፤ ጀርባዋ ላይ ግን ማንም አልነበረም። ሕፃኗን የቆላ ወባ ወስዷታል። አቅፌ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ ቤቷን ስታይ ቆየች።

«መጥተው ነበር?» አለችኝ።

«አልመጡም» አልኳት።