በሦስት ቀን አንዴ የጠጡ ቢሞች

ነገሌ ቦረና ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ነው። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ዳዊት ከከተማው ዳር ወዳለ ሰፊ ግቢ ወሰደኝና መሬት ላይ በመደዳ የተኙ የኮንክሪት ቢሞች አሳየኝ።

«ትምህርት ቤቱ የሚሠራው እዚህ አይደለም» አለኝ። «ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ጥሩ አሸዋ የለም፤ ውሃ የለም፤ ባለሙያም የለም። ስለዚህ የፎቁን ወለል ቢሞች እዚህ እንሞላለን። ሲጠነክሩ በመኪና ወስደን መደርደር ብቻ ነው።»

የእኔ ሥራ የጥራት ቁጥጥር ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አራት ወር አልሞላኝም ነበር።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ፌራዮው የውስጡን ብረት፣ ፌሮውን፣ ያስራል። ኮንክሪቱ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ፣ ካሳፎርማው፣ ዘይት ይቀባል። ኮንክሪቱ ተሞልቶ በቫይብሬተር ይነዘራል፤ በማግስቱ ካሳፎርማው ይፈታል። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ቢሙ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳያቋርጥ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ቶሎ ከደረቀ ጥንካሬው በመንገድ ይቀራል። በነገሌ ፀሐይና ነፋስ ደግሞ ጠዋት የረጠበ ቢም ቀትር ላይ አመድ ይመስላል።

የግቢው ፎርማን ጋሽ መንገሻ ነበሩ። በወታደርነት ወደ ነገሌ መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ቀስ ብዬ ስለምናገር አይለቁኝም ነበር። «ኢንጂነርዬ፣ ድምፅሽን መናኸሪያ ረስተሽው ነው የመጣሽው?» ይሉኛል። ሠራተኛው ይስቃል፤ እኔ መዝገቤን እገልጣለሁ።

ቢሞቹን ውሃ የሚያጠጡት ኦቦ ጃተኒ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። ሁልጊዜ ጠዋት ቱቦውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ «አካም፣ ኢንታላ ኮ? ናጋ?» ይሉኛል። «ደህና ነሽ፣ ልጄ? ሰላም?» ማለታቸው ነው። በዚያ ከተማ ልጄ የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጋሽ መንገሻ እሳቸውንም ይነካኳቸዋል። «ጃተኒ፣ እነዚህ ላሞችህ የሚታለቡት መቼ ነው?»

«አንተ ጡታቸውን ፈልግ» ይሏቸዋል ኦቦ ጃተኒ፣ ዞር ሳይሉ። «ማለቡን ለእኔ ተወው።»

በበጋው መካከል ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ተበላሸ። በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣ የነበረው ውሃ ወደ አንድ ወረደ። ቢም መሙላቱ ግን አልቆመም። ሥራ አስኪያጁ የጊዜ ሰሌዳውን እያሳየ ያስቸኩለን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ስገባ ኦቦ ጃተኒ ግቢውን አደላድለው ጠበቁኝ። መደዳዎቹን ለሦስት ከፍለዋቸዋል። ተራ የደረሳቸውን ቢሞች ጫፍ በቀይ አፈር ምልክት አድርገውበታል። በጎልማሳነታቸው በኤላ፣ በጥልቁ የከብት ውሃ ጉድጓድ፣ ተራ አስከባሪ እንደነበሩ ነገሩኝ።

«በበጋ ከብት በሦስተኛው ቀን ነው የሚጠጣው» አሉኝ። «ጠጥቶ ይጠግባል፤ ሁለት ቀን ይታገሳል። ዛሬ ይህኛው መደዳ፣ ነገ ያኛው። ጠብ የለም፣ ግርግር የለም። እንዴት ነው?»

ስህተት መሆኑን እዚያው አውቄ ነበር። ኮንክሪት ጠጥቶ አይታገስም። ማለት የነበረብኝ «አዲስ መሙላት ይቁም፤ ያሉትን እርጥብ ጆንያ እናልብሳቸው» ነበር። ኦቦ ጃተኒ ግን አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው በኩራት በርቶ ነበር። በሰው ፊት ላርማቸው አፈርኩ።

«በጣም ጥሩ ሥርዓት ነው» አልኳቸው።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። መዝገቡ ላይ በየተራው «ውሃ ጠጥቷል» እያልኩ ጻፍኩ። ለምርመራ የምንልካቸው የኮንክሪት ናሙናዎች ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ስለሚቀመጡ ውጤታቸው ጥሩ ሆኖ መጣ። በእሱ ራሴን አጽናናሁ። በርሜል ውስጥ ያለው ናሙና መሬት ላይ ስለተኛው ቢም እንደማይመሰክር ግን በደንብ አውቅ ነበር።

ጭነት ከመጀመሩ በፊት ጋሽ መንገሻ ለሙከራ አንድ ቢም ሁለት ጫፉን አስደግፈው መሃሉ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት መደርደር ጀመሩ። መሸከም ከሚገባው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ጧ አለ። ሌላ አመጡ፤ እሱም ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ሲያመጡ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ።

ኢንጂነር ዳዊት መጣ። «ማነው ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ጃተኒ። ተራውን፣ ሦስቱን ቀን፣ ሁሉንም አስረዱት።

«ሽማግሌው፣ በሬ መሰልዎት?» አለ። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? የጥራት ተቆጣጣሪዋ፣ ይህን አላየሽም?»

«አላየሁም» አልኩ። በዚያ ግቢ ድምፄ ጥርት ብሎ የተሰማው የዚያን ቀን ነው።

ኦቦ ጃተኒ አዩኝ። ያልኳቸውን እንዳልረሱ ገባኝ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ልጅቷ አላየችም» አሉ።

ቱቦውን አጥበው፣ ጠቅልለው ግንቡ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በትራቸውን ይዘው በበሩ ወጡ። አልተከተልኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ እንዳየሁና ለኦቦ ጃተኒ ጥሩ ነው እንዳልኳቸው ተናገርኩ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ተቀብዬ ፈረምኩ። ኦቦ ጃተኒ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ብዬ ለመንኩት፤ እሺ አለ።

ጋሽ መንገሻ ሊጠሯቸው ኦቦ ጃተኒ መንደር ድረስ ሄደው ማታ ላይ ብቻቸውን ተመለሱ። «ከብቱን ይዞ ወደ ሩቅ ግጦሽ ወርዷል» አሉኝ። «ሚስቱ ወተት አጠጣችኝ።»

«ተቀይመዋል?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። 'ቀስ ብላ ስለምትናገር አንዲት ልጅ ያወራልን ነበር፤ እሷ ደህና ናት ወይ?' ነው ያለችኝ።» የዚያን ቀን ጋሽ መንገሻ አልቀለዱብኝም።

ቢሞቹን እንደገና ሞላን። በዚህኛው ዙር ካለን ውሃ በላይ አንድም ቢም አልሞላንም። ሁሉንም ጆንያ አለበስን፤ ላዩን በላስቲክ ሸፈንን። ለጭነት ሲደርሱ አንድም አልተሰነጠቀም። ቢሞቹ ተደረደሩ፣ በመካከላቸው ብሎኬት ገባ፣ ላዩ ላይ ስስ የኮንክሪት ንጣፍ፣ ሶሌታ፣ ተሞላ። በዚያች ከተማ የመጀመሪያው ፎቅ ነበር። ሰው ሁሉ ደረጃውን እየወጣ ከላይ መንገዱን ሲያይ፣ እኔ ወለሉ ላይ ቆሜ ላሳየው የምፈልገውን አንድ ሰው አጣሁ።

ነገሌን እስክለቅ ድረስ ኦቦ ጃተኒ አልተመለሱም። በገበያ ቀን በትር የያዘ ረጅም ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥን ነበር። ስደርስ ሌላ ሰው ይሆናል።

አሁን የምሠራው አዲስ አበባ አጠገብ ባለ ትልቅ የቢም ፋብሪካ ነው። ቢሞቹ ተዘግተው በእንፋሎት ይጠነክራሉ፤ ክሬን ያነሳቸዋል። ሥራው ጥሩ ነው። ግን ያ ግቢ ይናፍቀኛል፤ ግመሎች አጥር ጥሰው ገብተው በርሜላችንን ሲጠጡ የነበረው ጩኸት፣ ከሰዓት በኋላ በቢሞቹ መካከል የሚሮጠው ቀይ አቧራ፣ የረጠበ ኮንክሪት ሽታ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም በራፍ ላይ ካርዱን አስነክቶ ይገባል። ናጋ የሚል የለም።

ወደ ሙያው ለምትገቡ እህቶቼና ወንድሞቼ የማውቀው ይህን ነው። ስህተት ያያችሁ ዕለት ተናገሩ፤ የሚሳሳተው ታላቃችሁ ቢሆንም። ብቻቸውን ጠርቼ ብነግራቸው ኖሮ ኦቦ ጃተኒ በዚያው ቀን ያስተካክሉት ነበር።