አማቴ የመሰከሩለት እንጉዳይ

ከሶዶ ተድሬ ዱቦ ስገባ፣ አማቴ ጓሮ ያለውን አቮካዶ ከፍሬው በቀር ማንም አይነካውም ነበር። የበሳሁት እኔ ነኝ። የእንጉዳይ ሥልጠና ወስጄ ስመለስ፣ የቆመውን ግንድ በመሰርሰሪያ በስቼ፣ የእንጉዳይ ዘር ያደረበትን ቁራጭ እንጨት ወትፌ በሰም መረግኩት። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ቡናማ፣ እንደ ጫማ ሶል የጠጠረ እንጉዳይ አወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «የጅብ ጥላ ነው፣ ልትፈጃቸው ነው!» አለ። ደሜ ፈላ። «የምን የጅብ ጥላ? መድኃኒት ነው!» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አማቴ ስኳር አለባቸው። እንጉዳዩን እየቀቀሉ እንደ ሻይ ይጠጡት ጀመር። ቀለል ሳይላቸው አልቀረም፣ አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው በወላይትኛ መሰከሩ፤ ጌታ በጓሮዬ ዛፍ ላይ መድኃኒት አበቀለልኝ፣ ኪኒን ትቻለሁ አሉ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። እኔን ከኋላ ወንበር ላብ አጠመቀኝ።

ቤት ስንገባ ለመንኳቸው። «እማዬ፣ ሻዩን ይጠጡ፣ ግን በእናትዎ ኪኒኑን አይተዉ።»

«መስክሬያለሁ እኮ ልጄ! አሁን ብውጥ ጌታን አስዋሸሁት ማለት አይደል?»

ባሌ «ተያት፣ ደስ ብሏታል» አለኝ። እንጉዳዩን ልገነጥለው ቢላ ይዤ ወጣሁ። ግን ምራቲቱ የጌታን ስጦታ ቆረጠች ሊባል ነው። ተመለስኩ። ወዴት ይኬዳል?

የእግራቸው ጣት ቆስሎ አልድን ሲል፣ አንድ ጠዋት ጠሩኝ። ኪኒኑን ከመቀነታቸው ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ከዛሬ ጀምሮ ሻዩን አንቺ አፍዪልኝ። ምን እንደጨመርሽበት አልጠይቅሽም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ።

ይኸው ኪኒኑን እየፈጨሁ በሻዩ አጠጣቸዋለሁ። ቁስሉ ደረቀ፣ ፊታቸው ወዛ። የሚያያቸው ሁሉ እንጉዳዩን ያመሰግናል።

ትናንት አንዲት ሴትዮ ወሬውን ሰምታ ከተበላ ከተማ ድረስ በሚኒባስ መጣች። እሷም ስኳር አለባት። እንጉዳዩን በፌስታል ስቋጥርላት የአማቴን እጅ ይዛ አገላብጣ ሳመችው።

«እኔም እንደ እርስዎ አመንኩ። ኪኒኔን ትናንትና ሽንት ቤት ጣልኩት!» አለች እየሳቀች።

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ የቋጠርኩትን ፌስታል መልሼ ፈታሁት።