የስቅለት ጉልበት

እኚህ ሴት አፍንጮ በር ወዳለው ጂም የሚገቡት ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አድርገው ነው። ያያቸው ሁሉ ጠንቋይ ቤት የሚገቡ ይመስለዋል። ዕድሜያቸው ስልሳን ዘለል ብሏል። ከቀሚሳቸው ሥር የልጃቸውን ቱታ ለብሰዋል፤ መንገድ ላይ «ወዴት ነው?» ለሚላቸው መልስ እንዲሆን ደግሞ የአትክልት ዘንቢል አንጠልጥለዋል።

አሰልጣኙ ክፍሎም የመጀመሪያ ቀን የእጅ ክብደት ቢያቀብላቸው፣ «ክንድ ምን ያደርግልኛል? ቁጭ ብድግ ብቻ አሠራኝ» አሉት። በወንበር አስጀመራቸው። ጉልበታቸው ሲለምድ ወንበሩን ወሰደና የአሸዋ ከረጢት አሳቀፋቸው። ሊፈጥኑ ሲሉ ይቆጣቸዋል፤ በየመሀሉ አንድ ቀን እያሳረፈ ይቀጥራቸዋል። ለጡንቻ እንቁላል ይብሉ ሲላቸው ግን አፈጠጡበት።

«በሁዳዴ? አንተ ልጅ፣ ጉልበቴን አድነህ ነፍሴን ልታስኮንናት ነው?»

በሽሮና በባቄላ ተስማሙ።

ምክንያታቸውን የነገሩት ጾሙ ሲጋመስ ነው። «አምና ለስቅለት ስሰግድ መነሳት አቅቶኝ ጎረቤቴ በብብቴ ይዛ አነሳችኝ። ይኸው ዓመት ሙሉ ለዕድርተኛው ስታወራው ኖረች። ዘንድሮ ማን ማንን እንደሚያነሳ እናያለን! አደራ፣ እዚህ መምጣቴን እንዳትናገር።»

«ኧረ አልናገርም» አላቸው ክፍሎም፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

አደራ መጠበቅ ለምዷል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ባለ ዘንቢል ሴት በጓሮ በር ይገባሉ። «አምና ጎረቤቴን ሳነሳ ወገቤ ቋ ብሎ ቀረ» ብለውታል፤ «አደራ፣ እሷ እንዳትሰማ።»