በመስኮት የሚጣል ዳቦ

የያዙኝ ቡታጅራ ውስጥ፣ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ነው። ጥፋቴ «መሬት ላራሹ» የሚል ወረቀት መበተን ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ስለሞላ ወደ አሮጌው የእብዶች ቤት ወሰዱኝና ብቻዬን ቆለፉብኝ። በሽተኞቹ ግማሾቹ አዲስ አበባ ተልከው፣ ግማሾቹ ወደየዘመዶቻቸው ተመልሰው ቤቱ ባዶውን ቀርቷል። ሰንሰለት የሚታሰርበት የብረት ቀለበት ግን ግድግዳው ላይ እንዳለ ነበር። አንድ ፍርግርግ መስኮት አለው፤ የገበያውን መንገድ ያሳያል።

በገበያ ቀን በዚያ የሚያልፍ ሰው ለእብዶቹ ቁራሽ ዳቦ በመስኮቱ መወርወር ልማዱ ነው። ሙስሊሙ ሰደቃ፣ ክርስቲያኑ ምጽዋት ይለዋል። እብዶቹ ሄደው እኔ ብገባም የሰዉ እጅ ልማዱን አልተወም።

እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ እዚያ አገር ስንቅ የሚያቀብለኝ ዘመድ የለኝም። ባልደረቦቼም ፈርተዋል፤ አልፈርድባቸውም። የገበያው ቀን ሲደርስ እህል ከቀመስኩ ቆይቼ ነበር።

የመጀመሪያው ዳቦ ደረቴን መትቶ ወደቀ።

«መምህር፣ ምሳ መጣልህ» አለ ዘበኛው ከበር።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስለ ሰው ክብር ስደሰኩር የከረምኩ ሰው ከመሬት ለቅሜ አልበላም አልኩ። ሆድ ግን ዲስኩር አይሰማም። ዘበኛው ዞር ሲል ተንበርክኬ አነሳሁት፤ አፈሩን በእጅጌዬ ጠርጌ ጎረስኩ። ቀና ስል መስኮቱ ላይ ሰው ቆሟል።

አወቅኩት። እዚሁ ቤት ታስሮ ኖሮ፣ ድኖ የወጣ፣ ገበያ ላይ ቃጫ የሚሸጥ የመስቃን ሰው ነው። የጎረስኩትን መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ዞር ብሎ ሄደ። ገበያውን እየዞረ የሚያወራብኝ መሰለኝና አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ገበያው ሳይበተን ተመለሰ። በአንድ እጁ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ በሌላው ውሃ የያዘ ቅል።

«ሰላም አለይኩም፣ መምህር። እጅህን አውጣና ታጠብ።»

«እዚያው ጣለው» አልኩት። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

«አልጥልም። እኔ ከዚያ መሬት ብዙ በልቻለሁ።»

ዘበኛው «ሂድ፣ አንተ እብድ» ቢለውም ንቅንቅ አላለም። ቅሉን ከፍ አድርጎ ጠበቀኝ። እጄን በፍርግርጉ አወጣሁ፤ አስታጠበኝ። አገሩን ከረገጥኩ ጀምሮ ቆጮ በቀረበልኝ ቁጥር ሰበብ እየፈለግሁ እሸሽ ነበር። የዚያን ቀን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ፤ እንግዳ የጋበዘ ሰው እንደሚያደርገው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት ወደ መሬት እያየሁ።

ዛሬ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኗል። ልጆቼ ስለ እስሬ ሲጠይቁኝ ስለ ጥፊውና ስለ ቅማሉ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ዳቦው ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለማኝ ሳገኝ አልወረውርም፤ ጎንበስ ብዬ እጁ ላይ አኖራለሁ። ሰዎች ደግ ነው ይሉኛል። የለማኙን ዓይን ግን ዛሬም ማየት አልችልም።